ያልሞተ ሰው መርዶ

ሐኪሟ የተናገረችውን ለተጊዮርጊስ የሰማችው ሳታስበው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ፊት ለፊት ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ ለወንድሟ ልጅ ለኤልቃና እየጸለየች ነበር። ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ታላቅ ወንድሟ አበራና ሐኪሟ አጠገቧ መጥተው መቆማቸውን አላየችም። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከእንግዲህ ልጁን ያቆየው መሣሪያው ብቻ እንደሆነ፣ እናት ካለችው ዛሬውኑ መጥታ ብታየው ጥሩ እንደሆነ፣ ለነገ ግን ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችው። አበራ፣ እናትየው ገጠር ናት፣ መንገድ ተዘግቶባት መምጣት አትችልም አላት። ሐኪሟ አዝና ሄደች። እናትየው ግን ገጠር አልነበረችም። ሲግናል ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ በእግር እንኳ የሚደረስበት ቤቷ ውስጥ ሆና ለልጇ የገብስና የቅቤ ጩኮ እያሸች ነበር።

እኛ አገር ሞት በድንገት ይመጣል እንጂ ወሬው በድንገት አይመጣም። ወሬው ወግ አለው። ሰው ከሞተ በኋላ ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ከዚያ ጠንቶበታል ይባላል፣ ይታደራል፣ ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። በሩ በዚያ ሰዓት የተንኳኳበት ሰው ሳይከፍት ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ብንቀይር፣ መዝሙር ብንቀይር፣ ይህቺን ወግ አልቀየርናትም። አበራም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ከምእመናኑ መሀል ሰው የሞተበት ሁሉ መርዶውን እንዲነግርለት የሚጠራው እሱን ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ልቡም ሩኅሩኅ ስለሆነ ይችልበታል። ያን ቅዳሜ ያደረገው ስህተት፣ ወጉን ነፍሱ ባልወጣች ልጅ ላይ መጀመሩ ነው።

ኤልቃናን መኪና የገጨው ረቡዕ ማታ ከሥራ ወጥቶ መገናኛ ላይ መንገድ ሲሻገር ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ለእናቱ ለጫልቱ የተነገራት፣ መሥሪያ ቤቱ በድንገት ፊልድ እንደላከውና የሄደበት ቦታ ኔትወርክ እንደሌለ ነው። ስልኳን ደግሞ ልጇ ሔራን፣ የተሰነጠቀውን ስክሪን ላሠራልሽ ብላ ወስዳዋለች። አበራን ክፉ ነው እንዳንል ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጫልቱ ባል፣ የአበራና የለተጊዮርጊስ ወንድም ከበበ የሞተ ጊዜ፣ አንድ ሞኝ ባልደረባው መርዶውን በስልክ ዱብ አድርጎባት፣ ጫልቱ እዚያው ወጥ ቤት ወድቃ ግማሽ ፊቷ ተጣሞ ስንት ወር ሙሉ ውሃ እንኳ በማንኪያ ነበር የምትጠጣው። ደም ግፊቷ አሁንም እንዳለ ነው። አበራ ይህን እያሰበ ሦስት ሌሊት አልተኛም። ባንድ ቤት ሁለት ሬሳ አላወጣም ይላል፤ ይህን ብሎ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ያለቅሳል፣ ፊቱን ታጥቦ ይወጣል።

ለተጊዮርጊስን ወደ መስኮቱ ወስዶ አነጋገራት። ከጠዋት ጀምሮ የሲግናል ጎረቤት ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፤ ማንም ገብቶ እንዴት አደረ ቢላት ጉድ ይፈላል፤ ስለዚህ እስኪመሽ ከቤት መውጣት አለባት። እንጦጦ ፓርክን እናያለን ስትል ስንት ጊዜዋ ነው፤ ኤልቃናም እወስድሻለሁ እያለ ሳይሆንለት ቀርቷል። ዛሬ አንቺ ውሰጃት አላት።

«ለምን እኔ?» አለችው።

«አንቺ ካለሽ ታምናለቻ።»

እዚህ ላይ ስለ ለተጊዮርጊስ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ለቱ ይላታል። የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት፤ በልጅነቷ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወጥታ ጌታን ስትቀበል፣ አንዳንድ እህቶች ይሄ ስምሽ ከእምነትሽ ጋር አይሄድም፣ ቀይሪው ብለዋት ነበር። አባቴ ያወጣልኝ ስም ይሄ ነው፣ ሌላ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል ብላ እምቢ አለች። አንድ ጊዜ አበራ የማይፈልገው እንግዳ በር ላይ ሲመጣ የለም በዪልኝ ቢላት፣ ወጥታ አለ፣ ግን የለም በዪ ብሎኛል ብላ ተናግራ ቤቱን በሳቅም በኀፍረትም ሞላችው። ሊያገባት የመጣ አንድ ሰው ትወጂኛለሽ ወይ ሲላት ገና አላወቅኩም ብላው እንደወጣ ቀረ ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ራሷን መጠየቅ ይቻላል፤ ትናገራለች። ዘመዱ ሁሉ ይስቅባታል፣ ልጁ የት እንዳመሸ፣ የቤት ዕቃው ስንት እንደተገዛ፣ ጠላቱ ምን እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው ግን ወደሷ ነው የሚሄደው። እንግዲህ አበራ ያን ጠዋት የፈለገው ይህንን ነበር፤ ለቱ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠራቀመችውን መታመን ለአንድ ቀን ሊዋሳት።

ለቱ አልችልም አለችው። ጫልቱ መጥታ ልጇን ትየው፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምቻለሁ አለችው። አበራ ወዲያና ወዲህ ካየ በኋላ ክንዷን ያዘ። ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ የሔራንን ሁለተኛ ሐዘን ማን ይሸከማል፣ ከበበ ቢኖር ምን ይል ነበር፣ ይህን ሁሉ እያለቀሰ ነገራት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይደር እንጂ አይቀርም አላት። በመጨረሻም እንዲህ አለ፦

«ዋሺ አልተባልሽም እኮ። ዝም በዪ ነው የተባልሽው። ሆድሽ ይፍጀው፣ ለዛሬ ብቻ።»

ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በአባቷ ፋንታ ያሳደጋት ነው፤ እስከዛሬ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። እሺ አለች። ስልክሽንም ዝጊው፣ ነጥቃሽ እንዳትደውል ብሎ እስከ በሩ ሸኛት።

ጫልቱ የእንጦጦን ወሬ ስትሰማ እንደ ልጅ ነው የሆነችው። ሲግናል ያለው ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ሶፋውና የኤልቃና የምረቃ ፎቶ፣ በሌላው አልጋዋና ያልተዘጋ የልብስ ሻንጣ። ሳሎኑ ሁሉ የተቆላ ገብስና የቅቤ ሽታ ሸቶ ነበር። ጩኮውን ለኤልቃና በክዳን ዕቃ ሞልታ ካስቀመጠች በኋላ የተረፈውን በፌስታል ቋጠረች፤ ፔርሙዝ ሻይ ያዘች፤ ሹራብ ደረበች፣ አውልቃ ሌላ ደረበች። ምን ትዝ አልኩሽ ዛሬ፣ ደመወዝ ጨመሩሽ እንዴ እያለች ለቱን ታሾፍባታለች። ለቱ የምረቃውን ፎቶ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። የራሷን ወንድም ከመክዳትና የወንድሟን ሚስት ከመግደል የትኛው እንደሚሻል እግዚአብሔርን ጠይቃው መልስ ሳይመጣ የተጠራው ራይድ ታክሲ መጣ።

መንገዱን ጫልቱ ስታወራ ደረሱ። ኑሮ ስለመወደዱ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ቤት አከራዩ ጎረቤቷን እንዴት እንዳስወጣት፣ ሔራን ከሥራ እየቀረች የት እንደምትውል። ለቱ እህ እያለች ሰማች። ከሽሮ ሜዳ በላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጫልቱ መስኮቱን ከፍታ ባሕር ዛፉን ማሽተት ጀመረች። ፓርኩ ውስጥ ገብተው ከሰው ራቅ ያለ፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ሣር ላይ ነጠላ አንጥፈው ተቀመጡ። እዚያ የሚሸጠው ሻይ ዋጋው የጤና ስላልመሰላት ጫልቱ በፔርሙዟ ኮራች። የኛ ሲግናል የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀች፤ ለቱ በጣቷ አሳየቻት። የኤልቃና መሥሪያ ቤትስ? እሱንም አሳየቻት። በሁለቱ መሀል ያለውን ሆስፒታል ግን አልፋው ሄደች።

ጫልቱ ለጥቂት ጊዜ ከተማውን አየች። ከዚያ ሳትዞር፣ ቀስ ብላ፣ ልጇ ቅዳሜ ሳይደውልላት ውሎ እንደማያውቅ ተናገረች። ወታደር ቤት የስልጠና ካምፕ ውስጥ ሳለ እንኳ ከሰው ስልክ ለምኖ ይደውል ነበር አለች። አበራ ሐሙስ ዕለት ቤት መጥቶ ፊልድ ነው ብሎ ሲነግራት ዓይኗን አላያትም። ሔራን ማታ ማታ ዓይኗ አብጦ ነው የምትመጣው። ጫልቱ ሞኝ አይደለችም፤ ሞኝ መስላ የኖረችው ሰዎች እንዲያርፉ ብላ ነው።

«ለቱ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ልጄ ደህና ነው?»

ለቱ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ታውቅ ነበር። መልሱንም በመንገድ ሁሉ ስታዘጋጅ ነበር፤ ክፋቱም ይሄው ነው። ማክሰኞ ማታ ቤቴ መጥቶ ነበር አለቻት። ሽሮ ሠርቼለት፣ ድስቱን ጠርጎ፣ የአንቺ ይበልጣል ብሎ አበሸቀኝ። አዲስ ሥራ ሊወዳደር እንደሆነ ነገረኝ። እማዬን በዚህ ዓመት ከዚያ ቤት አወጣታለሁ አለኝ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማክሰኞ መጥቷል፣ ሽሮውን በልቷል፣ ያን ብሏል። አንድም ቃል ያልተባለ አልጨመረችበትም። እያወራች ግን የራሷ ድምፅ የአበራን ድምፅ ሲመስል ሰማችው፤ ያ ወፍራም፣ የሚያባብል፣ ሰው የሚያስተኛ ድምፅ።

ጫልቱ አመነች። ፊቷ ሲፈታ በዓይን ይታይ ነበር። አበራ ሲምል ሲገዘት ያልወጣልኝን ፍርሃት አንቺ አወጣሽልኝ፣ ይኸው ሆዴ ተኛ አለች። ጩኮውን ፈታች፤ ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሏት እንደነበር አሁን ገና ተናገረች፤ በላችም። ስለ ኤልቃና ሕፃንነት አወራች፤ ጥርሱን ሲያወልቅ እንዴት ሰፈሩን እንዳስጮኸ አስታውሳ እስክታነባ ሳቀች። በኦሮምኛ አንድ የድሮ መዝሙር አንጎራጎረች፣ ከበበ የሚወደውን። ከበታቻቸው ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፤ ልጆች ቁልቁለቱን ይሮጣሉ። ለቱ በዚያች ሴት ዕድሜ ይህን ያህል ደስ ብሏት አይታት አታውቅም። አልዋሸሁም፣ አልዋሸሁም ትላለች በልቧ፤ ልቧ ግን አልሰማትም። ጩኮው አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነ።

ከበሉ በኋላ ጫልቱ እጆቿን አራግፋ እንጸልይ አለች። ይህ የቤታቸው ልማድ ነው፤ በልተው ሳይጸልዩ አይነሱም፣ አንዱ ሲጸልይ ሌላው አሜን እያለ ይከተላል። የለቱን እጅ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ አየሩ አመሰገነች፤ አሜን አለች ለቱ። ስለ ሔራን ጸለየች፤ አሜን። ስለ አበራ ጸለየች፣ ደግ ነው ግን አብዝቶ ይጨነቃል፣ አሳርፈው አለች፤ አሜን። ከዚያ ድምጿ ለወጥ አለ። ጌታ ሆይ፣ ሰው ሁሉ በሚሸነግልበት ዘመን የማትዋሸኝ እህት ስለሰጠኸኝ ተመስገን አለች። ስለ እሷ አመሰግንሃለሁ፣ ልጄ ደህና መሆኑን በአፏ ስላሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ አለች።

ለቱ አሜን ማለት አቃታት።  በሰው ፊት ያለችውን ሁሉ እስካሁን በሆነ መንገድ እውነት ነው ልትል ትችላለች፤ ይህቺ አንዲት ቃል ግን ለማን እንደምትባል ታውቃለች። ጫልቱ ጥቂት ጠብቃ ዓይኗን ገለጠች።

«አሜን አትዪም እንዴ?»

«እትዬ ጫልቱ፣ ኤልቃና ሆስፒታል ነው። ረቡዕ ማታ መኪና ገጭቶታል። ሐኪሟ እናቱ ዛሬ ትምጣ ብላለች።»

«መቼ ነው እንደሱ ያለችው?»

«ጠዋት። ወዳንቺ ሳልመጣ።»

ለቱ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ትወድቃለች ብላ። ጫልቱ አልወደቀችም። ከተማውን አንድ ጊዜ አየች፣ ከዚያ ነጠላውን ከሥሯ ስባ አራገፈችው፣ አጣጠፈችው፣ ጫማዋን አደረገች። ተነሺ አለቻት። ፔርሙዙ ሣሩ ላይ ቀረ፤ ማንም አላነሳውም።

መውረዱ እንደ መውጣቱ አልሆነም። ቅዳሜ ነው፤ የሰርግ መኪና ተሰልፎ፣ ጡሩምባው እየጮኸ፣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ብቅ ያሉ ሚዜዎች እየጨፈሩ፣ ካሜራ የያዘው ሰው መንገዱ መሀል ቆሞ መልሱት ድገሙት ይላል። የያዙት ራይድ ከኋላቸው ተደቅኖ ቀረ። ጫልቱ ወደ ሹፌሩ ጎንበስ ብላ፣ ልጄ፣ የምትችለውን ያህል ፍጠንልኝ አለችው። ለቱ ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት። ጫልቱ ለሔራን ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ሦስተኛውን ሳትደውል ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ለቱ ከጎኗ ሆና ይቅርታ ለማለት ቃሉን አስተካከለችው፣ አፈረሰችው፣ መልሳ አስተካከለችው። ከዚያች ሴት ፊት ለፊት አሁን ይቅር በዪኝ ማለት፣ ራስን ለማሳረፍ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ ስለገባት ተወችው። ስድስት ኪሎ ሲደርሱ መንገዱ ተለቀቀ፤ ሹፌሩም ነገሩ ገብቶት ኖሮ ሙዚቃውን ዘግቶ በረረ።

አበራ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጫልቱን ከመኪናው ስትወርድ ባየ ጊዜ መጀመሪያ በቁጣ ወደ ለቱ ተራመደ፤ መሀል ላይ ቁጣው ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ጫልቱ አልፋው ገባች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሔራን ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እናቷን ስታይ ለመነሳት ሞክራ አልቻለችም። መናገር አላስፈለጋትም። ጫልቱ አጎንብሳ የልጇን ራስ አቀፈች። ብቻውን ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ እኔ ነበርኩ እማዬ አለች። እጁ ይሞቅ ነበር? ይሞቅ ነበር። መቼ ነው? ምሳ ሰዓት አልፎ፣ አሁን ነው፣ አለች ሔራን በእንባዋ መሀል።

ሁሉም የጫልቱን መውደቅ ጠበቀ። አበራ ከኋላዋ ክንዶቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ አንዲት ነርስ ወንበር ገፍታ አምጥታለች። ጫልቱ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ያ ሁሉ የተፈራለት መውደቅ አልመጣም።  ቀስ ብላ ወደ ለቱ ዞረች።

«ጠዋት ቤቴ እንደመጣሽ ብትነግሪኝ፣ እደርስ ነበር?»

አበራ ቀደማት። አትደርሺም ነበር አለ፤ ከጠዋትም ጀምሮ ሰውነቱ ብቻ ነበር፣ ሰው አይለይም ነበር፣ ሐኪሞቹም አያስገቡሽም ነበር፣ የጌታ ቀን ከደረሰ ማንም አይደርስበትም አለ። ጫልቱ ዞራ አላየችውም። አንተን አይደለም የጠየቅኩት አለችው።

ሔራን ከመሬት ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። ነርሷም አየቻት። በዚያ ኮሪደር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከለቱ አንዲት ቃል ይለምን ነበር፤ ሐኪሟ እንኳ ሰምታ ቢሆን የምትፈቅድላትን፣ እግዚአብሔርም ይቅር የሚላት የሚመስለውን ቃል። ብትለውም የሚያጋልጣት አልነበረም። ጫልቱም ታምናት ነበር። ለቱን ያስፈራት ይሄው ነበር፤ አሁንም ብትላት እንደምታምናት።

«ትደርሺ ነበር» አለቻት።

ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ቁጣ አይደለም፣ የጠየቀችውን ነገር እንደተቀበለ ሰው ነው። ከዚያ ሔራንን ከመሬት አንስታ፣ እሷን ደግፋና በእሷ ተደግፋ፣ ልጇ ወደተኛበት ክፍል ገባች። ለቱን ነይ አላለቻትም።